ኮከቦቹ የቀድሞ ክለባቸው ሲናፍቃቸው፤ ውል እያለ መመለስ ይቻላል ወይ?

ባለ ዘጠኝ ቁጥር (ጠያቂ)

ሰላም የኳስ ቤተሰቦች። ሜሲ በኖቬምበር 2025 ሌሊት የቀድሞ ክለቡ የባርሴሎና (ባርሳ) ሜዳ ካምፕ ኑ ገብቶ ፎቶ ከለጠፈ ወዲህ ያው የ«ይመለሳል» ወሬ ተነስቷል። ቦታው ከነፍሱ እንደሚናፍቀው ጽፏል። አንድ ቀን የመመለስ ተስፋ እንዳለው፣ ያም በተጫዋችነቱ ያልደረሰውን ስንብት ለማድረግ ብቻ እንዳልሆነ ጨምሯል። ግን እኮ ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ከአሜሪካው ክለብ ኢንተር ማያሚ ጋር እስከ 2028 ፈርሟል!

«ለገንዘብ ሄዶ አሁን ምን ያስለቅሰዋል» የሚለውን ክርክር ጠግቤዋለሁ፤ እባካችሁ እሱን ተዉት። ማወቅ የምፈልገው አሠራሩን ነው። አሜሪካ ወይም ሳዑዲ ውል ያለው ተጫዋች፣ ቲዬሪ ሄንሪ በ2012 ከአሜሪካ መጥቶ በአርሰናል እንዳደረገው፣ የቀድሞ ክለቡ ለሁለት ወር ብቅ ማለት ይችላል? ሳዑዲ ካሉት እንዲህ ያደረገ አንድም ሰው የማላየውስ ለምንድነው? ተጫዋቹ «ደመወዜን ቀንሱልኝ፣ ብቻ ልምጣ» ቢልስ ምን ያግደዋል?

---

የውል ሰው

ሄንሪን አርሰናል ያመጣው ከናፍቆቱ ይልቅ የቀን መቁጠሪያው ነው። የአሜሪካው ሊግ እስካሁን የሚጫወተው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ከማርች እስከ ዲሴምበር ነው (ወርና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እየጠራሁ ነው)። ጃንዋሪ ላይ የእንግሊዝና የጣሊያን ሊግ እሳት ሲሆን የአሜሪካው ተጫዋች እረፍት ላይ ነው። ቤካም በ2009 እና በ2010 ሚላን የገባው፣ ሮቢ ኪን በ2012 ለአስቶን ቪላ የተጫወተው በዚያች ቀዳዳ ነው። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ ወደ ቀድሞ ቤቱ የተመለሰው ሄንሪ ብቻ ነው። አርሰናልም ያኔ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ዤርቪኞና ሻማክ ለአፍሪካ ዋንጫ ስለሚሄዱ ፊት መስመሩ ሊሳሳ ነበር።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተጫዋቹ ውል ከክለቡ ሳይሆን ከሊጉ ጋር ስለሆነ ክለቡም ሊጉም እሺ ማለት አለባቸው። ከዚያ ሁለቱ ክለቦች የውሰቱን (ተጫዋቹን ውሉ ሳይፈርስ ለጊዜው ለሌላ ክለብ የመስጠቱን) ዝርዝር በፊፋ የዝውውር ሥርዓት፣ ማለትም ቲኤምኤስ በሚባለው ውስጥ ያስገባሉ። የሁለቱ መረጃ አንድ ዓይነት ካልሆነ ሥርዓቱ አያሳልፈውም። ሲገጥም የለቃቂው አገር ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፊኬቱን ለተቀባዩ አገር ፌዴሬሽን ይለቃል። ያ ሳይደርስ ሜዳ መግባት የለም፤ ማልያው ተሸጦ ቢያልቅም የለም።

ሰው የሚረሳው የመመለሻውን ነው። ውሰቱ የሚያልቅበት ቀን በላኪው ክለብ አገር የምዝገባ መስኮት (ተጫዋች ማስመዝገብ የሚፈቀድበት ጊዜ) ክፍት በሆነበት ጊዜ ላይ መውደቅ አለበት። አለበለዚያ ተጫዋቹ ይመለስና ሳይመዘገብ ቁጭ ይላል። የሄንሪ የሁለት ወር ውሰት የሠራው የእንግሊዝ መስኮት ጃንዋሪ ላይ ተከፍቶ የአሜሪካው ደግሞ ውሰቱ ሲያልቅ ክፍት ስለነበረ ነው። በተጨማሪ ከ2024 ጀምሮ አንድ ክለብ በአንድ ጊዜ ከውጭ አገር በውሰት ማስገባት የሚችለው 6 ተጫዋች ነው፣ የሚያወጣውም 6። 21 ዓመትና ከዚያ በታች ሆነው ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው አይቆጠሩም። ለአንድ አንጋፋ ስም ተብሎ ከስድስቱ አንዱን ቦታ ማቃጠል አሠልጣኙን ያናድዳል።

ሳዑዲን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ሊጉ ከኦገስት እስከ ሜይ ከአውሮፓ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ጃንዋሪ ላይ ተጫዋች ማዋስ ማለት በዋንጫ ፉክክር መሃል አጥቂህን አውጥቶ መስጠት ነው። ስለዚህ የሄንሪ መንገድ እዚያ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

አሜሪካም ቢሆን በሩን እየዘጋችው ነው። ሊጉ በ2027 ወደ አውሮፓው አቆጣጠር ሊዞር ወስኗል። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ 2027 አጭር ውድድር ይደረግና ከጁላይ 2027 አዲሱ የውድድር ዘመን ይጀመራል። የመሃል እረፍቱ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ብቻ ነው። አንድ የ37 ዓመት አጥቂ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተመዝግቦ፣ ተለማምዶ፣ ተጫውቶ ይመለስ? እንጃ።

---

ተቀያሪ ወንበር

ሄንሪ እኮ በዚያች ሁለት ወር 3 ጎል አግብቷል፤ ሐውልቱ ቆሞ ገና ወሩ ሳይሞላ! ማንም ይምጣ፣ ሁለት ወር ምን ይጎዳል?

---

የውል ሰው

3 አይደለም፣ 2 ነው። ብላክበርን 7 ለ 1 በተሸነፈበት ጨዋታ የተቆጠረችው መጀመሪያ ለእሱ ተሰጥታ በኋላ የስኮት ዳን በራስ ላይ ጎል ተብላለች። የቀሩት ሁለቱ በኤፍኤ ካፕ ሊድስ ላይና በሊግ ሰንደርላንድ ላይ በጭማሪ ሰዓት ያገባት ናቸው። ለአርሰናል 226 ጎል ይዞ ሄዶ በ228 የጨረሰው ለዚህ ነው።

ዋናው ግን አጠቃቀሙ ነው። ሊድስ ላይ በ68ኛው ደቂቃ ገብቶ በ78ኛው አገባ። አሠልጣኙ ቬንገር ሙሉ 90 ደቂቃ አልጠየቀውም። ከሁለት ቀን በኋላ ድገመው አላለውም። የድሮ 14 ቁጥሩንም ዎልኮት ለብሶት ስለነበር ሄንሪ ምንም ሳይል 12 ለበሰ። ከመጨረሻ ጨዋታዎቹ አንዱ ሳን ሲሮ ላይ ሚላን 4 ለ 0 ያሸነፈበት ነው፤ እዚያ ከእረፍት በኋላ ገብቶ የለወጠው ነገር የለም። ትዝታው ግን የሊድሷን ጎል ብቻ ነው የያዘው።

---

ሒሳብ ሹም

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ልግባ፣ ምክንያቱም «በትንሽ ደመወዝ እመጣለሁ» የሚለው ቃል ከሚመስለው በላይ ውድ ነው።

መጀመሪያ ግብሩ። ሳዑዲ ውስጥ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም፤ ተጫዋቹ የፈረመው ቁጥር እጁ የሚገባው ቁጥር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ125,140 ፓውንድ በላይ ያለው ገቢ 45 በመቶ ይቆረጥበታል፣ በላዩ 2 በመቶ የማኅበራዊ ዋስትና አለ። ስለዚህ ሳዑዲ 20 ሚሊዮን የሚያገኝ ሰው «ግማሹን ትቼ 10 ሚሊዮን እጄ ይግባ» ቢል ክለቡ የሚጽፍለት ውል ወደ 18.9 ሚሊዮን ይጠጋል (10ን ለ0.53 አካፍሉት)። አሠሪው ከዚያ ላይ 15 በመቶ የራሱን መዋጮ ሲከፍል ወጪው 21.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ተጫዋቹ ግማሽ ደመወዙን መሥዋዕት አድርጌያለሁ ብሎ ያስባል፤ የክለቡ የሒሳብ ክፍል ግን የሚያየው 21.7ን ነው። ድርድር የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፣ ሁለቱም ወገን ቅን ሆኖ ሳለ።

ስፔንን የምታስቡ ደግሞ «የቤካም ሕግ» የሚባለውን አትቁጠሩበት። ከውጭ የሚመጣ ሠራተኛ በዝቅተኛ ግብር እንዲሠራ በ2005 የወጣው ያ ሕግ ከ2015 ጀምሮ እግር ኳስ ተጫዋቾችን አይመለከትም።

ሁለተኛው የክለቡ ጣሪያ ነው። አውሮፓ ውድድር ላይ ያለ ክለብ ለደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪል የሚያወጣው ከገቢው 70 በመቶ መብለጥ የለበትም (በ2023/24 90፣ ቀጥሎ 80 ነበር፤ ከ2025/26 ጀምሮ 70 ሆኗል)። ላ ሊጋ ከዚህም የጠበቀ የራሱ ጣሪያ አለው። ሜሲ በ2021 ከባርሳ የወጣው ክለቡም እሱም መቆየቱን ፈልገው፣ ደመወዙን በግማሽ ለመቀነስ ተስማምቶ ሳለ ነው። ምዝገባው አላለፈም፤ በቃ። ፍላጎት ጣሪያን አያነሳም።

ሦስተኛው የስም ዝርዝሩ ነው። ፕሪሚየር ሊግ 25 ሰው ያስመዘግባል፤ ከእነዚህ ውስጥ አገር ውስጥ ያላደጉት ከ17 መብለጥ አይችሉም። እንግሊዝ ውስጥ ያደገ አንጋፋ ዋጋው እዚህ ከፍ ይላል። ሄንደርሰን ሳዑዲ ግማሽ ዓመት ቆይቶ አያክስ ከሄደ በኋላ በ2025 ብሬንትፎርድ ሲወስደው አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከ17ቱ ቦታ አይነካም፣ የሥራ ፈቃድም አይጠይቅም። ብራዚላዊ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። የውጭ ዜጋ እንግሊዝ ለመጫወት ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለብሔራዊ ቡድን ለተጫወተበት ደቂቃና ለሚጫወትበት ሊግ ደረጃ ነው። ከብሔራዊ ቡድን ጡረታ የወጣና ዝቅ ያለ ሊግ የገባ ሰው ሁለቱንም ምንጭ በአንድ ላይ ያደርቃል። ስሙ ግዙፍ ሆኖ ወረቀቱ ባዶ የሚሆነው እንዲህ ነው።

---

ባለ ዘጠኝ ቁጥር (ጠያቂ)

እጅ ነስቻለሁ። ያቺ 21.7 አስደንግጣኛለች። አንድ ልጨምር፤ ተጫዋቹ «አልተመቸኝም» ብሎ ውሉን ማፍረስ ይችላል? ሄንደርሰንም ቴቬዝም ውላቸው ሳያልቅ ነው የወጡት።

---

የውል ሰው

በአንድ ወገን «አልተመቸኝም» ብሎ ማፍረስ የለም። በሕግ የሚያስወጣ በር ጥቂት ነው፤

የሁለት ወር ደመወዝ ካልተከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ይሰጣል፣ ካልከፈሉ ይወጣል። ሰው በብዛት የሚበላሸው ማስጠንቀቂያውን ሳይጽፍ ሻንጣውን ሲያነሳ ነው፤ ያኔ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል።

ሌላው የስፖርት ምክንያት የሚባለው ነው። ስሙን የተከለ ተጫዋች በውድድር ዘመኑ ከክለቡ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ በታች ከተጫወተ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ግን የክለቡ የመጨረሻ ጨዋታ ካለፈ በ15 ቀን ውስጥ ብቻ። ኮከብ ሆኖ በየሳምንቱ እየተሰለፈ ያለ ሰው ይህ አይሠራለትም። ካሳም ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ከዚህ ውጭ በዘፈቀደ ያፈረሰ ካሳ ይከፍላል። ከ28 ዓመቱ በኋላ ለፈረመ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የተጠበቁ ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ ካፈረሰ ከካሳው በተጨማሪ ከጨዋታ ሊታገድ ይችላል። በ2024 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በተጫዋቹ ላሳና ዲያራ የውል ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ፊፋ የካሳ አሰላሉን አሻሽሏል፤ ይሁን እንጂ መክፈሉ አልቀረም።

ስለዚህ ያየሃቸው ሁሉ የወጡት በስምምነት ነው። ስምምነት ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀሪውን ገንዘብ ትቶ መሄድ ማለት ነው። ቴቬዝ በ2016 መጨረሻ ሻንጋይ ሼንዋ ገብቶ በሊጉ 4 ጎል አግብቶ በጃንዋሪ 2018 ወደ ቀድሞ ክለቡ ቦካ ተመለሰ፤ ኋላም የቻይናውን ጊዜ ዕረፍት እንደነበር አድርጎ ነው ያወራው። ኔይማር አል ሂላል 7 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ጉልበቱ በኦክቶበር 2023 ለብራዚል ሲጫወት ተበጠሰ፤ ሲድን ደግሞ የውጭ ተጫዋቾች ኮታ ስለሞላ ለሊጉ አላስመዘገቡትም። ጃንዋሪ 2025 ላይ ውሉ ፈርሶ ሳንቶስ ገባ፣ በመጀመሪያ ለስድስት ወር ብቻ። ያን አጭር ውል ወደድኩት፤ ለሁለቱም ወገን መመዘኛ ነው።

ጥንቃቄ ለሚወድ ደግሞ የላፖርት ነገር አለ። በሴፕቴምበር 2025 ከአል ናስር ወደ ልጅነት ክለቡ አትሌቲክ ቢልባኦ ሲመለስ ሁሉም ተስማምቶ ነበር። ሆኖም መስኮቱ በሚዘጋበት ቀን ሰነዱ በቲኤምኤስ በጊዜው ስላልተጠናቀቀ ምዝገባው ውድቅ ሆነ። ቢልባኦ ለፊፋ አቤት ብሎ ከቀናት በኋላ ነው የተፈቀደለት። ናፍቆት የሰዓት ገደብ የለውም፤ ቲኤምኤስ ግን አለው። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፣ ቢያንስ 72 ሰዓት ሲቀር ይግባ።

---

ሁለተኛው አጋማሽ

ሁላችሁም ስለ ወረቀት አወራችሁ፤ እኔ ስለ እግሩ ላውራ። ዝቅ ባለ ሊግ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው የሚያጣው ኳስ መምታትን አይደለም። ቴክኒኩ እስከ 40 ይቆያል። የሚጠፋው ሩጫን መደጋገም ነው፤ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ 20 ሰከንድ ሳያርፍ ሌላ ሙሉ ሩጫ። ዝግ ባለ ሊግ ኳስ ከጠፋች በኋላ መራመድ ይፈቀዳል፣ ተከላካይም ጊዜ ይሰጣል። ወደ አውሮፓ ሲመለስ ጭንቅላቱ የድሮውን ሩጫ ያዛል፤ የኋላ ታፋ ጡንቻው ግን ያንን ጭነት ረስቷል። ተመላሾች በመጀመሪያው ወር ታፋቸውን ይዘው የሚቀመጡት ለዚህ ነው።

የሚሠራው ዝግጅት ይህን ይመስላል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። በሳምንት ሁለት ቀን ከከፍተኛ ፍጥነቱ 90 በመቶ በላይ እንዲሮጥ ይደረጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት፣ ለምሳሌ 4 ወይም 5 ሩጫ ከ30 ሜትር፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጨምራል። በተጨማሪ ተንበርክኮ ሰውነትን ቀስ ብሎ ወደ ፊት የመጣል ልምምድ (ኖርዲክ የሚሉት) በሳምንት ሁለቴ፤ ግን ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አይሠራም። ጨዋታ በ15 እና 20 ደቂቃ ይጀመራል፤ ሦስት አራት ጊዜ ያለ ሕመም ካለፈ 60 ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ከሆነ አንዱን ብቻ ይጀምር።

ብዙ ክለብ የሚያጠፋው ደጋፊው ስሙን ሲጠራ ሰውየውን በመጀመሪያው ሳምንት 90 ደቂቃ ማሰለፉ ነው።

እረፍት አልባነትም ዋጋ ያስከፍላል። ቤካም የአሜሪካውን የውድድር ዘመን ጨርሶ ሳያርፍ ሁለት ጊዜ ሚላን ሄደ። በማርች 2010 ከኪየቮ ጋር ሲጫወቱ የአኪለስ ጅማቱ ተበጠሰ፤ የዓለም ዋንጫውም ለአሜሪካው ክለቡ ጋላክሲ እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜም አብሮ ሄደ። ጅማቱ የተበጠሰው በዚህ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን በ34 ዓመት 12 ወር ሙሉ የሚጫወት ሰው ዕድሉን እየፈተነ ነው። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ሚላን ሳይሆን ላኪው ክለብ ነው። ከዚያ በፊትም በ2009 ውሰቱ ከማርች እስከ ውድድሩ መጨረሻ ሲራዘም የጋላክሲ ደጋፊዎች ጁላይ ላይ በገዛ ሜዳቸው አፏጭተውበታል።

የተሳካላቸውን ስታዩ ሚናቸው ጠባብ ነው። ድሮግባ በ2014 ቼልሲ ሲመለስ ከዋናው አጥቂ ኮስታ ጀርባ ሆኖ ገባ፤ በሊጉ 28 ጊዜ ታየ፣ አብዛኛውን ተቀይሮ፣ 4 ጎል አግብቶ ዋንጫ ወሰደ። ልዩ የሆነው ዝላታን ብቻ ነው። በ38 ዓመቱ ከጋላክሲ ሚላን ተመልሶ በግማሽ ውድድር 10፣ በሚቀጥለው ዓመት በ19 የሊግ ጨዋታ 15 ጎል። እሱን ምሳሌ አድርጎ ሌላውን መጠየቅ ግፍ ነው፤ ደግሞ እሱም በ2022 ጉልበቱን ተቀድዶ ወራት ተቀምጧል።

---

ተቀያሪ ወንበር

እሺ ተሸነፍኩ። ታዲያ ለሜሲ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ አይበቃውም? ራውል እኮ አድርጎታል።

---

የውል ሰው

ይህኛው ነው ቀላሉ። ራውል በኦገስት 2013 የኳታሩ ክለብ አል ሳድ ተጫዋች ሆኖ በቀድሞ ክለቡ በማድሪድ ሜዳ በርናቤው ላይ አንዱን አጋማሽ ለማድሪድ፣ ሌላውን ለአል ሳድ ተጫወተ። ሮናልዶ ለቀቀለትና 7 ቁጥር ለብሶ ጎልም አገባ። ቲኤምኤስ የለ፣ ሰርተፊኬት የለ፣ ጣሪያ የለ። የሚያስፈልገው የአሠሪው ክለብ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ለሁለቱም ሊግ የማይጋጭ ቀንና መድን ነው። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ በዚያ ጨዋታ ቢጎዳ ሜዳ እስኪመለስ ድረስ ደመወዙን ማን ይከፍላል? ጋባዡ ክለብ ካልፈረመበት አሠሪው አይፈቅድም፣ ልክም ነው።

---

ሒሳብ ሹም

በዚያ ላይ የበሩ ገቢ አለ። የወዳጅነት ጨዋታ ለባርሳ ወጪ ሳይሆን ገቢ ነው፤ ለእነሱ ከውሰት ይልቅ ይሄ ይጣፍጣቸዋል።

---

ባለ ዘጠኝ ቁጥር (ጠያቂ)

ግን የጻፈው «ለመሰናበት ብቻ አይደለም» ነው እኮ።

---

የውል ሰው

ገብቶኛል። እንግዲያው ቀኑን እንቁጠር። በቂ ርዝመት ያለው የመጨረሻው ክፍተት በዲሴምበር 2026 እና በፌብሩዋሪ 2027 መካከል ያለው ነው። ያኔ 39 ዓመቱ ነው። ባርሳ በጃንዋሪ መስኮት ጣሪያው ውስጥ ቦታ ማግኘት አለበት፣ ማያሚና ሊጉ እሺ ማለት አለባቸው፣ መመለሻውም የአሜሪካው መስኮት ላይ መውደቅ አለበት። አራቱ ካልገጠሙ ቀሪው መንገድ የቀድሞው የባርሳ ተጫዋች የዣቪ ነው፤ በ2015 አል ሳድ ሄዶ፣ እዚያው ማሠልጠን ጀምሮ፣ በኖቬምበር 2021 በአሠልጣኝነት ካምፕ ኑ ገባ። ያ በር የዝውውር መስኮት የለውም።